የሩድ አዳራሽ ሦስት ደረጃዎች

ሲግብሪት ፎርስ ቂም ከያዘች የማትለቅ ሴት ነበረች። ይህን ስል እያማኋት አይደለም፤ ራሷን ብትጠይቋትም አትክድም። ሌላው ሰው ቂሙን በሆዱ ይዞ ፊቱ ላይ ፈገግታ ያሳያል፤ እሷ ግን እንደ ካፖርቷ በላይዋ ላይ ደርባው ትወጣለች። በሶልቪክ ኮሌጅ ሲግብሪት የቆመችላቸው ሰዎች አሉ፣ ሲግብሪት የያዘችባቸው ሰዎች አሉ፤ ከሁለቱም ያልሆነ ካለ ገና ትናንት የተቀጠረ መሆን አለበት።

ሥራዋ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ተማሪዎች መደገፍ ነበር። ማየት የተሳነው ተማሪ ሲመጣ መጽሐፎቹ ትምህርት ሳይጀመር በድምፅ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። መስማት ለተሳናት አስተርጓሚ ትቀጥራለች፤ ፊደል ለሚገለባበጥበት ተጨማሪ የፈተና ሰዓትና ጸጥ ያለ ክፍል ታስፈቅዳለች፤ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ማስታወሻ የሚይዝለት ሰው ትፈልጋለች። ይህ ሁሉ በሕግ የተጻፈ ነው። የተጻፈውን ከመምህራኑ እጅ ፈልቅቆ ማውጣት ግን የሲግብሪት ድርሻ ነው።

አንድ የሒሳብ መምህር ነበር። የትምህርቱን ስላይድ ቀድሜ አልልክም፣ ንብረቴ ነው ብሎ አሻፈረኝ አለ። ሲግብሪት አልተከራከረችውም። ክሯንና ሁለቱን የብረት የሹራብ መሥሪያ ይዛ ክፍሉ ገባችና የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። እሱ ሲያስተምር እሷ ሹራብ ትሠራለች፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በሦስተኛው ሳምንት ሰውየው ጠመኔውን ወረወረና፣

"ምንድነው የምትፈልጊው?" አላት።

"ስላይዱን።"

"ብልከው ትሄጂልኛለሽ?"

"እጅጌው ሲያልቅ" አለችው። ስላይዱ የዚያኑ ቀን ተላከ። እሷ ግን እጅጌውን ሳትጨርስ አልወጣችም፤ ሹራቡንም ሰውየው ባለበት ስብሰባ ሁሉ እየመረጠች ትለብሰዋለች።

እንግዲህ ለአንድ ስላይድ እንዲህ የሆነች ሴት፣ ዕድሜዋን ያበላሸባትን ሰው ምን ልታደርገው እንደምትመኝ አስቡት። ያ ሰው ፕሮፌሰር ሲክስተን ሩድ ይባላል።

ሲግብሪት የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ልጅ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ፊደል አልታዘዝላት ብሎ ነው ያደገችው። ንድፍ ግን ሌላ ነገር ነው። አሥር ዓመቷ ላይ የአባቷ ጓደኛ የበጋ ጎጆውን ፕላን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ጠጋ ብላ አየችና "ይሄ በር ሲከፈት ምድጃውን ይመታል" አለች። ሰዎቹ ሳቁ፤ ከዚያ በማስመሪያ ለኩት፤ ከዚያ በሩን ሰርዘው በሌላ በኩል ሣሉት። አባቷ ያን ወሬ ለስንት ዓመት በፋብሪካው ሲያወራው ኖረ። ልጄ ቤት ትሠራለች ይል ነበር።

የዛሬ አርባ ሁለት ዓመት፣ በሃያ ዓመቷ፣ የሕንጻ ምህንድስና ልትማር ኮሌጁ ገባች። የሚያስተምራት ሩድ ነበር። ያኔ መምህሩ ሁሉ በስሙ ተጠርቶ አንተ ሲባል ሩድ ብቻ አንቱ ካልተባለ ዞር ብሎ አያይም። በመጀመሪያው ፈተና ሲግብሪት በወረቀቱ ፊት የጽሑፉን መልስ፣ በጀርባው ደግሞ ንድፉን ሠራች። ሩድ ስድሳ ተማሪ በተቀመጠበት ወረቀቷን ከክምሩ ላይ አንስቶ፣ ፊደሉ እንደተገለባበጠ፣ እንደተጻፈው፣ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበው። ክፍሉ በሳቅ ተንከተከተ። ሩድ አልሳቀም፤ እሱ የሚያስቅ እንጂ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

"ወይዘሪት ፎርስ ሕንጻ ልትሠራልን መጥታለች" አለ። "እንደምትጽፈው የምትገነባ ከሆነ በሥሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የብረት ቆብ ይታደለዋል።"

የወረቀቱን ጀርባ አልገለጠውም። በጀርባው ያለው ንድፍ አንድ መስመር እንኳ ስህተት አልነበረበትም። እሷ ታውቃለች፤ ከእሷ በቀር ግን ማንም አላየውም።

በማግስቱ ተመልሳ አልገባችም። አሥራ አንድ ዓመት በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ አንሶላ አጠፈች። አባቷ ልጄ ቤት ትሠራለች ማለቱን ተወ፤ ምክንያቱን ግን አንድም ቀን ሳይጠይቃት ሞተ። ያለባት ነገር ስም እንዳለው፣ ስንፍናም ድንቁርናም እንዳልሆነ ያወቀችው በሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ብሎ ያለቅስ ነበር። እሷ ደሟ ፈላ። ከዚያ በጽዳት ሠራተኛነት ወደ ኮሌጁ ተመለሰች፤ ሕጉ ወጥቶ ኮሌጁ የድጋፍ ቢሮ ክፈት ሲባል ደግሞ ቢሮውን የምትይዘው እሷ ሆነች። ሩድ በኮሪደሩ ሲያልፍ በየቀኑ ታየዋለች። እሱ አያያትም። የትምህርት ክፍሉን ሠላሳ ዓመት መርቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ አበባ ታቅፎ ጡረታ ወጣ። እሷ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ ግን ራሷም አታውቅም ነበር።

ካቻምና መስከረም ላይ አወቀች። ወደ ሆስፒታሉ የመርጃ መሣሪያ መጋዘን የሄደችው ለቲንድራ የተጠገነ ጎማ ልታመጣ ነው። ቲንድራ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከተወለደች ጀምሮ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። የምትማረው ሲግብሪት ያቋረጠችውን ያንኑ የሕንጻ ምህንድስና ነው። የንድፍ ጠረጴዛዎቹን ዝቅ ለማስደረግ፣ የላቦራቶሪውን በር ለማስፋት፣ ፈተናዋን ሦስተኛ ፎቅ ካለው ክፍል ለማውረድ ሲግብሪት ሁለት ዓመት ተዋግታላታለች። ልጅ አልወለደችም፤ ብትወልድ ግን ምላሷ እንደ ቲንድራ የተሳለ ይሆን ነበር ብላ ታስባለች።

ጎማውን በብብቷ ይዛ ልትወጣ ስትል ከመጋረጃ ኋላ የምታውቀው ድምፅ ሰማች።

"ይሄ አይሆንም። ይሄ የሽማግሌ ነው።"

"ሲክስተን፣ ሁሉም የሽማግሌ ነው" አለች የሆስፒታሉ ሠራተኛ። "ሰማንያ ልትደፍን ነው እኮ። ሐኪሙ የነገረህን ሰምተሃል፤ ከዓመት በኋላ እግርህ አይሸከምህም። አሁን ተቀምጠህበት ብትለምደው ይሻልሃል።"

"ቀስ በይ! ሰው ይሰማል።"

በመጋረጃው ክፍተት አየችው። ሩድ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ጎማውን መግፋት ያቅተዋል፤ ቀኝ ሲገፋ ወደ ግራ ይዞራል፣ ግራ ሲገፋ ከግድግዳ ይጋጫል። ሲግብሪት ጎማዋን እንዳቀፈች ምን ያህል እንደቆመች አታስታውስም። ስትወጣ አንጀቷ ቅቤ የጠጣ ያህል ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለ አዲሱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ በሩድ ስም ሊሰየም ተወስኗል፤ እሱም አማካሪ ተብሎ በዱላ እየተደገፈ መጣ። ከበረዶ ሸርተቴ ወድቄ ነው አለ። ወጣቷ አርክቴክት ፕላኑን ዘረጋች። ከመድረኩ ጎን ቀለል ያለ ተዳፋት መወጣጫ፣ እኛ ራምፕ የምንለው፣ ተስሏል።

"ይሄ ምንድነው?" አለ ሩድ በዱላው ጫፍ እየነካው።

"ራምፕ ነው።"

"ለዊልቸር ከኋላ አራት ቦታ ይዘሽ የለም እንዴ?"

"ይዣለሁ። ከፊትም ሁለት አለ።"

"በቃ! ያዳምጡ፣ ደግ አደረግሽ። መድረክ ግን ማስተማሪያ ነው። እዚያ የሚወጣው በእግሩ የሚቆም ሰው ነው። የድሮው አዳራሽ ሦስት የኦክ እንጨት ደረጃ ነበረው፤ አዲሱም ሦስት የኦክ ደረጃ ይኑረው።"

ከተቀመጡት ሁሉ አንድም ሰው አልሳቀም፣ አንድም ሰው አልተቃወመም። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ሁሉም የተማሩ ናቸው፣ ለአካል ጉዳተኛ ቦታ መስጠት እንዳለባቸው ያውቃሉ፣ ሰጥተዋልም። በዊልቸር የሚመጣው ሰው አስተማሪው ራሱ ሊሆን እንደሚችል ግን ለአንዳቸውም አልታየም። የእነሱ ጭንቅላት ውስጥ አካል ጉዳተኛ ሁልጊዜ ወይ ተማሪ ነው ወይ እንግዳ፤ ሁልጊዜ ታች ተቀምጦ ወደ ላይ የሚያይ።

አርክቴክቷ ወደ ሲግብሪት ዞረች። ይህን መቃወም የሲግብሪት ሥራ ነው፤ ያለ እሷ ፊርማ ፕላኑ አያልፍም። ሲግብሪት ሩድን አየችው። ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ይዋሻል፤ ለእነሱ ብቻ ሳይሆን ለራሱም ይዋሻል። የራሱን ጉድጓድ በገዛ አፉ እያስቆፈረ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ታድነዋለች።

"አስተያየት አለሽ?" አሏት።

"የለኝም" አለች፤ ፈረመች።

ለዓመት ተኩል የኖረችው ለአዳራሹ ምረቃ ነው። ሥራው እየተካሄደ የብረት ቆብ አድርጋ ገብታ ደረጃዎቹን በእጇ ዳበሰቻቸው። ሌሊት ሳይሆን ቀን በቀን፣ ቢሮዋ ውስጥ ሻይዋን እየጠጣች፣ ያን ሰዓት ደጋግማ ታየዋለች። ሩድ በዊልቸር ይገባል፤ ሕዝቡ ይነሳል፤ ያጨበጭባል፤ ሩድ ከደረጃው ሥር ይደርሳል፤ ጭብጨባው ቀስ በቀስ ይሞታል። ከዚያ ሁለት ሰው ብብቱን ይዞ እንደ ጆንያ ያነሳዋል። ይህን ስታስብ ፊቷ ይፈካ ነበር፤ የሥራ ጓደኞቿ ደህና ሰው አግኝታ ይሆናል ብለው እስከማማት ደረሱ።

ቀኑ ደረሰ። የካቲት ነው፤ ሐሙስ። የኮሌጁ ምግብ ቤት የአተር ሾርባውን ገና ሳይጥድ ቲንድራ የሲግብሪትን በር በርግዳ ገባች።

"እኔ ነኝ የምናገረው!"

"የት?"

"ምረቃው ላይ ነዋ! የተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበሩ ከማታ ጀምሮ እያስመለሰው ነው፤ የሰሞኑ ጉንፋን ሳይሆን ያኛው፣ የሆድ ሕመሙ። ምክትሉ ማን ነው? እኔ! ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ። ስላንቺም ትንሽ አለበት፣ እንዳትቆጪ።"

የሲግብሪት እጅ ኩባያው ላይ ቀረ። ምረቃው በሰባት ሰዓት ነው፤ ሦስት ሰዓት ቀርቷል። ምድር ቤት የሚታጠፍ የአሉሚኒየም ራምፕ አለ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ራምፑ ከተዘረጋ ለሩድም ተዘረጋ ማለት ነው። ዓመት ተኩል የጠበቀችው፣ ኧረ አርባ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ነገር በአምስት ደቂቃ ሊጠፋ ነው። ፕሮግራሙን አንስታ አየች። መጀመሪያ ሩድ፣ ቀጥሎ የተማሪዎች ተወካይ። ልቧ ተመለሰ።

"ጎሽ" አለቻት። "ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ አትቸኩዪ።"

ልጅቷ እንደወጣች የሕንጻውን የጥገና ሠራተኛ ሼልን ጠራችው።

"ምድር ቤት ያለውን ራምፕ አምጣና ከመድረኩ አጠገብ ካለው ታችኛው በር ኋላ ያዘው።"

"ይዤ ምን አደርጋለሁ? እዘረጋዋለሁ እንጂ።"

"አይደለም። ራሴን ስነቀንቅልህ ትዘረጋለህ። ከሽማግሌው በኋላ።"

"ለምን ከሱ በኋላ?"

"ሼል፣ ስንት ዓመት ነው የምንተዋወቀው?"

"ሃያ።"

"በሃያ ዓመት ለምን ብለኸኝ ታውቃለህ?"

"ኧረ አላውቅም" አለ ሼል፤ ትከሻውን ሰብቆ ወረደ።

ሲግብሪት ሁሉን አስባለች፤ አንዷን ነገር ግን ሳታስብ ቀረች። የድሮ የኮሌጅ ሰው ሰባት ሰዓት ከተባለ ሰባት ተሩብ ላይ ነው የሚመጣው። ያቺ ሩብ ሰዓት ከአያት ቅድመ አያት የወረደች የምሁር መብት ናት፤ ትምህርቱም ምረቃውም ቀብሩም በእሷ ነው የሚጀመረው። በሲግብሪት ዘመን ሁሉ እንዲህ ነበር። አዲሷ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ግን የመጣችው ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። እዚያ ሰባት ሰዓት ማለት ሰባት ሰዓት ነው።

አዳራሹ ሞላ። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። ሲግብሪት መሀል መተላለፊያው ዳር ተቀመጠች፤ ከዚያ ሆና የታችኛውን በር መስታወትና በመስታወቱ ውስጥ የሼልን መላጣ ታያለች። ቲንድራ ከፊት፣ ለዊልቸር በተተወው ቦታ፣ ሁለት ገጿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ልክ በሰባት ሰዓት ፕሬዚዳንቷ ብድግ አለች፤ አሥር ደቂቃ ያህል እንግዶቹን ከተቀበለች በኋላ ወደ ዋናው በር አየች።

"ፕሮፌሰር ሩድ ትንሽ የዘገየ ይመስላል። ጊዜ እንዳናባክን በወጣቶቹ እንጀምር። የተማሪዎቹ ተወካይ፣ መድረኩ ያንቺ ነው።"

ሲግብሪት ከወንበሯ ግማሽ ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች።

ቲንድራ እየሳቀች ወደ ፊት ሄደች። ደረጃዎቹ ሥር ስትደርስ ቆመች። በቀኝ አየች፣ በግራ አየች፤ መንገድ የለም። ጭብጨባው ተቋረጠ። ከዚያ ልጅቷ ዞር አለች፤ ሌላ ማንንም አልፈለገችም፣ በቀጥታ ሲግብሪትን ፈልጋ ዓይኗን ጣለችባት። የምታውቀው ሰው ስለሆነች፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም መፍትሔ የምታመጣላት እሷ ስለሆነች።

ሼልም በመስታወቱ ያያታል። ራስን መነቅነቅ ምን ከባድ ነገር አለው? ሲግብሪት ግን ሰዓቷን አየች። ሩድ አሁን በር ላይ ነው፤ አሁን ይገባል፤ አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ። አንገቷ እንደ እንጨት ደረቀ። አልነቀነቀችም።

ሰው ደግ ነው፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ከፊተኛው ረድፍ ሦስት ሱፍ የለበሱ ሰዎች እየተሽቀዳደሙ ተነሱ።

"እናንሳሽ።"

"አይ፣ አትንኩኝ" አለች ቲንድራ።

"ችግር የለም፣ ቀላል ነሽ!"

"ዕቃ አይደለሁም እኮ! ተዉኝ አልኩ!"

አልሰሟትም። አንዱ ጎማውን፣ አንዱ የወንበሩን ጀርባ፣ አንዱ የእሷን ብብት ይዞ አነሱ። ወንበሩ ተንጋደደ። ሁለቱ ገጾች ተበተኑ፤ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ወጣ፤ አንድ ጫማዋ ወልቆ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቀረ። የቲንድራ ፊት መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ባዶ ሆነ።

"አውርዷት!"

ሁሉም ዞረ። ሰባት ተሩብ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ሲክስተን ሩድ በዋናው በር ገብቷል፤ በዊልቸር፣ ሚስቱ እየገፋችው። ሩድ ሞኝ አይደለም። ደረጃውን አየ፣ የተንጠለጠለችውን ልጅ አየ፣ ቀጣዩ ጆንያ ማን እንደሆነ ወዲያው ገባው።

"አውርዷት አልኩ! እሷ መውጣት ካልቻለች እኔም አልወጣም። ዛሬ ሁላችንም ከታች ሆነን ነው የምንናገረው!"

አዳራሹ ተደረመሰ ማለት ይቻላል። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ፤ የጋዜጣው ፎቶ አንሺ ሮጠ፤ አንዳንዶች እንባቸውን ጠረጉ። ሩድ ቲንድራ ጎን ተጠግቶ፣ እጇን ያዝ አድርጎ፣ ስለ ሁሉም የሚሆን አዳራሽ ሃያ ደቂቃ ተናገረ። ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ ሲግብሪት እንኳ ይህን አትክድም። የቲንድራ ሁለት ገጽ ግን መሬት ላይ እንደተበተነ ቀረ። ማንም ትዝ አላለውም።

በመጨረሻ ሩድ ጣቱን ወደ ደረጃዎቹ ቀስሮ "ለመሆኑ ይህን ፕላን ያጸደቀው ማነው?" አለ። ፕሬዚዳንቷ ማህደሩን ገለጠች። አርክቴክቷ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው፤ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራም ትፈልጋለች።

"ሲግብሪት ፎርስ" ተብሎ ተነበበ። ጮክ ተብሎ።

በኋላ በጣፋጭ የለውዝ ሊጥ፣ በማርዚፓን፣ የተሸፈነው አረንጓዴ ኬክ ሲቆረጥ ሩድ ጎማውን ራሱ እየገፋ ወደ ሲግብሪት መጣ። አሁን ለምዶታል፤ አይጋጭም።

"አንቺ ነሽ? አይዞሽ፣ ሁላችንም እንሳሳታለን።"

"አንተ ነህ ራምፑን ያስሰረዝከው፣ ሲክስተን።"

"እኔ? ቃለ ጉባኤው ላይ አለ?"

የለም። ቃለ ጉባኤው ላይ ያለው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው።

"ተማሪህ ነበርኩ" አለችው። "የፈተና ወረቀቴን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለህ አነበብከው።"

ሩድ አሰበ። ከልቡ አሰበ፤ አላስመሰለም።

"እንግዲያውስ ጥሩ ወረቀት ነበር ማለት ነው" አለ እጇን መታ መታ አድርጎ። "እኔ መቼም ጥሩ ጥሩውን ነበር የማነበው።"

ሄደ። አርባ ሁለት ዓመት የተሸከመችው ነገር በእሱ በኩል ከነጭራሹ የለም። ቢክዳት እንኳ ይሻላት ነበር። ቀና ስትል ታችኛው በር ላይ ቲንድራን አየች። ልጅቷ ሼልን እያነጋገረችው ነው፤ ከጎኑ የታጠፈው ራምፕ ቆሟል። ሼል መሬት መሬት እያየ አንድ ነገር አለ። ከዚያ በአገጩ ወደ ሲግብሪት ጠቆመ።

በማግስቱ ጠዋት ቲንድራ መጣች። እስከዛሬ ሳታንኳኳ ነበር የምትገባው፤ ዛሬ አንኳኳች።

"ፕላኑ ላይ አይተሽው ነበር?"

መዋሸት ይቻል ነበር። ሲግብሪት ግን ቂመኛ እንጂ ውሸታም አይደለችም።

"አይቼዋለሁ።"

"መቼ?"

"በመጀመሪያው ቀን።"

"ሼልስ? ራምፑን ይዞ ቆሞ ሲያይሽ ነበር። እኔም አየሁሽ። ዓይን ለዓይን ተያየን እኮ፣ ሲግብሪት! አንዴ ራስሽን ብትነቀንቂ ምን ትሆኚ ነበር?"

ሲግብሪት ነገረቻት። ለአባቷም ለማንም ያልነገረችውን፣ ወረቀቱን፣ ሳቁን፣ የብረት ቆቡን፣ ያልተገለጠውን ጀርባ፣ አንሶላውን፣ የመጋረጃውን ክፍተት፣ ሁሉንም። ቲንድራ አላቋረጠቻትም።

"ክፉ ሽማግሌ ነው" አለች። "ብትነግሪኝ አብሬሽ አደባየው ነበር። ደስ እያለኝ።"

"አውቃለሁ።"

"አንቺ ግን የወጥመድ ሥጋ አደረግሽኝ።"

"ወጥመዱ ላንቺ አልነበረም።"

"ለኔ ስላልነበረ ነው ሲይዘኝ የማያመኝ? ጫማዬን ማን እንዳጠለቀልኝ ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም። አንድ የማላውቀው ሰውዬ ተንበርክኮ እግሬን ያዘኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ። እሱ አንቺ ላይ ሲስቅ ማን እንደሆንሽ አያውቅም ነበር። አንቺ ግን እኔን ታውቂኛለሽ።"

ሲግብሪት ይህን ፊት ታውቀዋለች። በሃያ ዓመቷ በልብስ ማጠቢያው መስታወት ውስጥ ያየችው ፊት ነው፤ አያለቅስም፣ አይጮህም፣ ይይዛል። ያኔ ያ ፊት ያየው ሩድን ነበር። አሁን የሚያየው እሷን ነው።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለች። ቃሉ አፏ ላይ ከበዳት።

"አላደርግም" አለች ቲንድራ። ከቦርሳዋ የተሞላ ቅጽ አወጣች፤ ሲግብሪት ራሷ በየዓመቱ ለተማሪዎች የምታድለው የአቤቱታ ቅጽ ነው። "ይሄ ሩድ ላይ አይደለም፣ አንቺ ላይ ነው። እኔ እንዳንቺ አርባ ሁለት ዓመት አልጠብቅም። ዛሬ ከምሳ በፊት አስገባዋለሁ።"

ለጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። እንዲህ ያለ አቤቱታ የት እንደሚያደርስ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በኮሌጁ የለም። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ማዶ አየችው፤ ቀን ተጽፏል፣ ቦታ ተጽፏል፣ የደረሰው በደል ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

"ሼልን ምስክር አድርጊው" አለች ሲግብሪት። "እሱ አይዋሽም።"

"ቀድሜ ጽፌዋለሁ" አለች ቲንድራ፤ ወንበሯንም አዙራ ወጣች።